የአየር ትንበያ ጀማሪው አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ

በሱሉልታ ሜዳ፣ በቡራዩ ዙሪያና ከሰበታ አልፎ ወደ በቾ በሚዘልቀው ጥቁር አፈር ላይ የሚያርስ ሁሉ የበልግን ከሰዓት በኋላ ጠባይ ያውቀዋል። ጧት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። እኩለ ቀን ሲያልፍ በእንጦጦና በወጨጫ አናት ላይ ነጭ ደመና እንደ ጥጥ ክምር ሽቅብ ያድጋል፤ ከሥሩም መጥቆር ይጀምራል። ዝናቡ ሳይደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ቀድሞ ይመጣና አቧራውን አንስቶ፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ አጎንብሶ፣ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ገንጥሎ ያልፋል። በረዶው ከኋላ ይከተላል።

እንዲህ ያለው ወጀብ ከመምጣቱ በፊት ለሕዝብ የሚነግር መሥሪያ ቤት በአገራችን ከተቋቋመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በአዋጅ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስም የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ይሁንና በእንግሊዝ አገር መንግሥት የሚከፍለው አንድ ቢሮ ነገ ወጀብ ይመጣልና ተጠንቀቁ ብሎ ለሕዝብ ማስታወቅ የጀመረው ከዚያ 120 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ሥራውን የጀመረው ሮበርት ፊትዝሮይ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በታሪክ መጻሕፍት በይበልጥ የሚታወቀው ቻርልስ ዳርዊንን በመርከቡ ይዞ ዓለምን በመዞሩ ነው። ለገበሬና ለዓሣ አጥማጅ የጠቀመው ግን የኋለኛው ሥራው ነው፤ በዚያም ሥራ ምክንያት ብዙ መከራ አይቷል።

ፊትዝሮይ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1805 ሰፎክ በሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ነው። ቤተሰቡ ከመሳፍንት ወገን ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ እስከ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ይደርሳል። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። በ12 ዓመቱ ፖርትስመዝ ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። በ1824 የመኮንንነት ፈተናውን ሲወስድ ያመጣው ሙሉ ነጥብ ከእርሱ በፊት ማንም አግኝቶት የማያውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ለመሳፍንት ልጅ ሹመት በዘመድ ይገኝ ስለነበር ይህን ያህል ማጥናት አይጠበቅበትም ነበር። ሰውየው ግን በጠባዩ ነገሮችን በልኬት ካላረጋገጠ የማያርፍ ነበር።

በ1828 መጨረሻ፣ በ23 ዓመቱ፣ ቢግል የተባለችው መርከብ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። መርከቧ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ የባሕር ዳርቻ ካርታ እየሠራች ሳለ የቀድሞው አዛዥ በብርድና በብቸኝነት ተስፋ ቆርጦ በገዛ እጁ ሞቶ ነበር።

በማዕረጉ አንድ ወር ያህል እንደቆየ፣ በጥር ወር 1829 መጨረሻ፣ በኡራጓይ ዳርቻ ማልዶናዶ አጠገብ የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ ነገር ደረሰበት። ከዚያ በስተምዕራብ ፓምፓስ የሚባለው የአርጀንቲና ሜዳ አለ። ተራራ የማይከፍለው፣ ለቀናት ቢጓዙበት የማያልቅ የሣር አገር ነው። ከደቡብ የሚመጣ ቀዝቃዛና ከባድ አየር በዚህ ሜዳ ላይ ምንም ሳይገታው እየነጎደ ይመጣል፤ በፊቱ ያለውን ሞቃትና እርጥብ አየር ከሥሩ ፈንቅሎ ወደ ላይ ያነሣዋል። በድንበሩ ላይ ደመናው እንደ ረጅም ግንድ ተጠቅልሎ ይታያል፣ ነፋሱ በቅጽበት አቅጣጫውን ይቀይራል፣ መብረቅና ዶፍ ይከተላል። የአገሩ ሰዎች ፓምፔሮ ይሉታል፤ ትርጉሙም ከፓምፓስ የመጣ ማለት ነው።

የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር አስቀድሞ ወርዶ ነበር። ወጣቱ አዛዥ ግን ለምልክቱ የሚገባውን ክብደት አልሰጠውም። ነፋሱ ሲመታ ቢግል ወደ ጎን ተጋድማ ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም፤ የምሰሶዎቿ ጫፎች ተሰበሩ፣ ሁለት መርከበኞችም ሰጥመው ሞቱ። ፊትዝሮይ ከዚያ ቀን በኋላ ባሮሜትር ሲወርድ አይቶ ዝም ያለበት ጊዜ የለም ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ለእኛ አካባቢ አንባቢ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ፓምፔሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የአየር ግንባር ነው። የሱሉልታ የበልግ ወጀብ ግን ብዙ ጊዜ ከአንዲት ደመና የሚወለድ ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብና በረዶ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር እየከበደ ወርዶ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከበረዶው ቀድሞ ፊት የሚመታን ነፋስ ይኸው ነው። ደመናዋ የአንዱን ቀበሌ ሰብል አውድማ የጎረቤቱን ሳትነካ የምታልፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ባሮሜትር በየቀኑ ሁለት ጊዜ በልማዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ወጀብ ቢመጣም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የፊትዝሮይን ባሮሜትር አምጥቶ ሱሉልታ ላይ መስቀል ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው በኋላ የደረሰበት አሠራር ነው።

ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ከቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴቶች አራት ተወላጆችን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄዷል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የተሰረቀች ጀልባ ለማስመለስ በመያዣነት የተያዙ ነበሩ። አንደኛው በፈንጣጣ ሞተ፤ የቀሩትን ሦስቱን በሁለተኛው ጉዞ አገራቸው አደረሳቸው። ሊያስተምራቸው አስቦ እንደሆነ ይነገራል፤ ቢሆንም ሰውን ከአገሩ ነጥቆ መውሰድ በምንም የሚመሰገን ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 27 ቀን 1831 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 1836 የቆየ ነው። የ22 ዓመቱ ዳርዊን የተሳፈረው በዚህ ጉዞ ነበር። ፊትዝሮይ ሰዓትና ኬንትሮስ በትክክል ለማግኘት 22 ክሮኖሜትሮች ይዞ ነበር። በዚሁ ጉዞ ላይ ፍራንሲስ ቦፎርት ያወጣው የነፋስ ኃይል ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሥራ ላይ ዋለ። ደረጃው ከ0 እስከ 12 ይሄዳል። ያኔ የሚለካው መርከብ ምን ያህል ሸራ መዘርጋት እንደምትችል በማየት ነበር፤ በኋላ ግን ለየብስ ተስማምቶ ተዘጋጀ። መሣሪያ የማይጠይቅ ስለሆነ ማንም ገበሬ ሊሠራበት ይችላል። ዛፉ በሙሉ ከነግንዱ ሲወዛወዝ 7ኛ ደረጃ ነው። ቀንበጥ ሲሰበርና ነፋሱን ተቃውሞ መራመድ ሲያስቸግር 8ኛ ደረጃ ይሆናል፤ ይህም በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የቤት ክዳን መጎዳት የሚጀምረው በ9ኛው ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ደረጃውን መጻፍ ለወረዳ ሪፖርትም ይሻላል።

ከጉዞው መልስ ሜሪ ኦብራይንን አገባ፤ የጉዞውንም መጽሐፍ አሳተመ። በ1841 ፓርላማ ገባ፣ በ1843 ደግሞ የኒውዚላንድ ገዥ ሆኖ ተላከ። በዚያ እንግሊዛውያን ሠፋሪዎች የማኦሪዎችን መሬት እንለካለን ብለው ዋይራው በተባለ ቦታ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሠፋሪዎች ሞተው ነበር። ፊትዝሮይ ነገሩን አጣርቶ ጥፋቱ የሠፋሪዎቹ ነው ብሎ ፈረደ። ሠፋሪዎቹ ይህን ይቅር አላሉትም። የአስተዳደሩ ገንዘብም ባዶ ስለነበር፣ በ1845 ወደ አገሩ ተጠራ። ለትክክለኛ ፍርድ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲከፍል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በ1854 የእንግሊዝ የንግድ ቦርድ አንድ ትንሽ የአየር ጠባይ ክፍል ከፍቶ ፊትዝሮይን በኃላፊነት ሾመው። ሠራተኞቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ክፍሉ የተከፈተው ከመርከቦች የነፋስና የግፊት መዝገብ ሰብስቦ ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጅ እንጂ እንዲተነብይ አልነበረም። እርሱ ግን በዚህ አልረካም። ለድሆች የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ጠንካራ ባሮሜትር በነፃ እንዲታደልና ወደብ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ እንዲተከል አደረገ። አጥማጆች ጀልባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያነቡት፣ ከጎኑም የንባቡ ትርጉም በቀላል ቋንቋ ተጽፎ ነበር። በዛሬ አጠራር ይህ የኤክስቴንሽን ሥራ ነው። ከእነዚህ ባሮሜትሮች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በየወደቡ ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1859 ሌሊት ለ26 አጥቢያ በእንግሊዝ ደሴቶች ላይ እጅግ ኃይለኛ ወጀብ ተነሣ። ከአውስትራሊያ ወርቅ ቆፋሪዎችን ከነወርቃቸው አሳፍራ ወደ ሊቨርፑል ትመለስ የነበረች ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ከአገሯ ደርሳ፣ የጉዞዋ መጨረሻ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አንግልሲ ደሴት ዳርቻ ከድንጋይ ጋር ተላተመች። 450 ያህል ሰው ሞተ። በዚያው ወጀብ የሰጠሙት መርከቦች 133፣ የሞተው ሰው በጠቅላላ 800 ያህል መሆኑ ተመዝግቧል።

ፊትዝሮይ ወጀቡ ካለፈ በኋላ ከየመብራት ቤቱ፣ ከየወደቡና ከየመርከቡ የተመዘገበውን ግፊት፣ ሙቀትና የነፋስ አቅጣጫ ሰብስቦ በአንድ ካርታ ላይ አሰፈረው። ከዚያም የሚቀጥለውን ሰዓት በሌላ ካርታ ላይ አሰፈረ። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ወጀቡ ከቦታ ወደ ቦታ መንገድ ይዞ ሲጓዝ በግልጽ ታየ። አንዱ ወደብ ላይ ከደረሰ በኋላ ሌላው ወደብ ጋ ለመድረስ ሰዓታት ወስዶበታል። የቴሌግራፍ መልእክት ግን በደቂቃ ይደርሳል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነበር፤ ወጀቡ ከመልእክቱ ይዘገያል። በፈረንሳይም ለ ቬሪዬ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ መርከቦችን ያጠፋውን ወጀብ መንገድ ተከትሎ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ሄደ። ከ15 ያህል የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች በየጧቱ የግፊት፣ የሙቀትና የነፋስ ንባብ በቴሌግራፍ ለንደን ይገባ ጀመር። የመጀመሪያው የወጀብ ማስጠንቀቂያ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1861 ነው። ማስጠንቀቂያው ወደብ ሲደርስ በረጅም ምሰሶ ላይ ጥቁር ሸራ የለበሰ ሾጣጣ ምልክት ይሰቀላል። ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ወጀቡ ከሰሜን ይመጣል፤ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ ነው። ከበሮ የሚመስል ምልክት ሲጨመርበት አደጋው የከፋ መሆኑን ያመለክታል። ማንበብ የማይችል አጥማጅ ከሩቅ አይቶ ይረዳዋል። በሸራና በገመድ የተሠራው ይህ ምልክት በእንግሊዝ እስከ 1984 ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ለሕዝብ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የአየር ትንበያ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፊትዝሮይ ለዚህ ሥራ አዲስ ስም አወጣለት። ትንቢት እንዳይባል አጥብቆ ይጠነቀቅ ስለነበር፣ ከልኬትና ከስሌት የተገኘ ግምት መሆኑን የሚያሳይ ቃል መረጠ። የእኛው ትንበያ የሚለው ቃል ከትንቢትና ከነቢይ ጋር የአንድ ሥር ልጅ መሆኑን ቢሰማ ደስ አይለውም ነበር። ምናልባትም አንዳንዱ ሰው ትንበያ አንድ ቀን ሲሳሳት ሐሰተኛ ነቢይ እንዳገኘ ሁሉ የሚቆጣው የቃሉ ዝምድና አስቶት ይሆናል።

የፊትዝሮይም ፈተና ከዚሁ ጀመረ። ጋዜጣ አንባቢው ትንበያውን ወደደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ እንኳ ወደ ዋይት ደሴት ከመሻገሯ በፊት አየሩ እንዴት ይሆናል ብላ ሰው ትልክበት ነበር። ትንበያው ሲሳሳት ግን ጋዜጦች ቀለዱበት። የሳይንስ ሰዎች በቂ ሕግ ሳይገኝ መተንበይ ለሳይንስ ውርደት ነው አሉ። የፓርላማ አባላት የቴሌግራፉን ወጪ አነሡ። ከሁሉም ይበልጥ የከበደው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ባለሀብቶች ቅሬታ ነበር። ሾጣጣው ሲሰቀል አጥማጆች ከወደብ አንወጣም ይላሉ፤ ወጀቡ ሳይመጣ ከቀረ የባለቤቱ የቀን ገቢ ባከነ ማለት ነው።

ይህ ክርክር ዛሬም በየማኅበሩ ያለ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሱሉልታ ላይ ሣር ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል እንበል። ያልተጠበቀ ዝናብ ሊመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ሲሰማ፣ ገበሬው የቀን ሠራተኛ ጨምሮ ድርቆሹን ቶሎ ይከምራል። ዝናቡ ካልመጣ የቀን ሠራተኛው ገንዘብ ባከነ። ማስጠንቀቂያውን ንቆ ዝናቡ ከመጣ ግን የላሞቹ የዓመት ቀለብ በሰበሰ። ሁለቱ ኪሣራዎች እኩል አይደሉም። በሰበታ በኩል በአውድማ ላይ ያለ ጤፍም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ ጀልባ ባለቤት ግን ኪሣራውን የሚያሰላው ከየብስ ሆኖ ነበር፤ ወጀቡ እውነት ሆኖ ከመጣ የሚሰጥመው እርሱ ሳይሆን ጀልባው ላይ ያለው ሰው ነው። ጀልባው ደግሞ ኢንሹራንስ ሊኖረው ይችላል። ፊትዝሮይ ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው ለጀልባው ሰው መሆኑን በግልጽ ያምን ነበር። አሥር ጊዜ ጠርቶ ሦስቱ ቢስትበት እንኳ ከቀሩት ሰባቱ የሚተርፈው ሕይወት ከባከነው ቀን ገቢ እንደሚበልጥ መናገር ባላስፈለገው ነበር፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚሠሩት ወጪውን የሚከፍሉት ነበሩ።

በ1863 ስለ አየር ጠባይ ለተራ ሰው እንዲገባ አድርጎ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ምክትል አድሚራል ሆነ። ጤናው ግን እየተጎዳ ሄደ። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1852 ሞታ ነበር፤ ሁለተኛ ጋብቻ ቢፈጽምም የቤቱ ገንዘብ እያለቀ ነበር። ጠንካራ ክርስቲያን ስለነበረ የዳርዊን መጽሐፍ በወጣ ጊዜ ያንን ሰው በመርከቡ ማጓጓዙ ሕሊናውን ይቆረቁረው ነበር። ጆሮው ደከመ፣ እንቅልፍ አጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1865፣ እሑድ ጧት፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የ59 ዓመት ሰው ነበር።

ከሞተ በኋላ የሀብቱ መጠን ሲመረመር ከመሳፍንት የወረሰው ንብረት በሙሉ አልቆ ተገኘ። ያለቀውም ለሕዝብ ጉዳይ ከኪሱ ሲያወጣ ነው፤ በጉዞው ዘመን ጭምር ባሕር ኃይል ያልከፈለውን ወጪ ራሱ ሲሸፍን ኖሯል። ወዳጆቹ ለሚስቱና ለልጆቹ መርጃ ገንዘብ ሲያዋጡ ዳርዊን 100 ፓውንድ ሰጠ። በሐሳብ ከተለያዩ ቆይተው ነበር።

ቀጥሎ መንግሥት የፊትዝሮይን ሥራ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው የዳርዊን ዘመድ የሆነው ፍራንሲስ ጋልተን ነበር። ኮሚቴው በ1866 ባቀረበው ሪፖርት ትንበያው ሳይንሳዊ መሠረት የለውም አለ። በዚያው ዓመት ዕለታዊው ትንበያ ብቻ ሳይሆን የወጀብ ማስጠንቀቂያውም ቆመ፤ ሾጣጣው ከየምሰሶው ወረደ።

አቤቱታው የመጣው ያኔ ነው። ከየወደቡ ባሕረኞችና አጥማጆች ምልክቱ ይመለስልን ብለው ጠየቁ። በየዩኒቨርሲቲው አልተረጋገጠም የተባለውን ነገር እነርሱ በሥራ አይተውታል፤ ሾጣጣው ሲሰቀል ቤታቸው የቀሩና በማግስቱ የጎረቤት ወደብ ሬሳ ሲለቅም ያዩ ነበሩ። የወጀብ ማስጠንቀቂያው አንድ ዓመት ያህል ቆሞ በ1867 መጨረሻ እንደገና ተጀመረ። ለጋዜጣ የሚወጣው ትንበያ ግን እስከ 1879 መቆየት ግድ ሆኖበታል።

ዘዴው ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ የዓለም መደበኛ አሠራር ሆኗል። በብዙ ቦታ በአንድ ሰዓት መለካት፣ ወዲያውኑ ወደ አንድ ማዕከል መላክ፣ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ያገኘውንም ለሚመለከተው ሰው ሳይዘገዩ መንገር ነው። በቴሌግራፍ ፈንታ ሳተላይትና ኮምፒዩተር መጥተዋል። ሰንሰለቱ ግን አንዱ ቦታ ከተበጠሰ ሳተላይቱም ምንም አይጠቅምም። ዝናብ መለኪያው ካልተነበበ፣ ወይም የአሥር ቀኑ መግለጫ ወረዳ ደርሶ መሳቢያ ውስጥ ካደረ፣ የቀበሌው ገበሬ የሚያውቀው ያው ከእንጦጦ አናት ያየውን ያህል ነው።

ፊትዝሮይ ከሞተ 137 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በራዲዮ ለመርከቦች ከሚነበቡት የባሕር ክልሎች አንዱን፣ ከስፔን በስተሰሜን ምዕራብ ያለውን፣ በስሙ ሰየመው። በትንበያው ውስጥ ካሉት ክልሎች በሰው ስም የተጠራው እርሱ ብቻ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ወጀብ በሚጠበቅበት ሌሊት ሁሉ የራዲዮ አንባቢው ስሙን ጠርቶ ቀጥሎ የነፋሱን ደረጃ ይናገራል።